ፋይሉ ተቀይሯል ወይስ አልተቀየረም? የፒኤችፒ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ዞሮ ዞሮ አንድ ናቸው፣ በፒኤችፒ አፕሊኬሽን ውስጥ ፋይል ወይ ፎልደር ሲቀየር እንዴት ልወቅ የሚል ነው። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ለሱ ሰጥቼዋለሁ፣ ሌላ ነገር የጠየቃችሁ ትንሽ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው ወንድሜ፣ አምድህን እከታተላለሁ። አንድ ሌላ ሲስተም በኤፍቲፒ አንድ ፎልደር ውስጥ ሲኤስቪ ፋይል ይጥልልናል፣ የኛ የፒኤችፒ ስክሪፕት ደሞ ፋይሉ እንደመጣ አንብቦ ዳታቤዝ ውስጥ ይከታል። የፋይሉ ስም ሁሌ አንድ ነው፣ በላዩ ላይ ነው የሚጽፉበት። እኔ ዋይል ሉፕ ውስጥ ፋይልኤምታይምን (ፋይሉ የተቀየረበትን ሰዓት የሚነግረውን ፈንክሽን) እየጠራሁ በየመሀሉ 5 ሰከንድ ስሊፕ እያስደረኩ እጠብቃለሁ። ችግሩ ፋይሉ ተቀይሮ እያለ ስክሪፕቱ የድሮውን ሰዓት ነው የሚነግረኝ፣ ገድዬ ሳስነሳው ብቻ ነው ትክክለኛውን የሚያየው። ይሄ አልበቃ ብሎ አንዳንዴ ግማሹን ብቻ ያነባል፣ 1000 መስመር ካለው ፋይል 300 ገብቶ ይቀራል። ጓደኛዬ ይሄ ሁሉ የመጣው በሉፕ ስለምትጠብቅ ነው፣ አይኖቲፋይ (ፋይል ሲቀየር ራሱ የሚያሳውቀውን የሊኑክስ ዘዴ) ተጠቀም አለኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ ጓደኛህ መድኃኒቱን ያዘዘው በሽታውን ሳያይ ነው። ሁለቱ ችግሮችህ አይገናኙም፣ ሁለቱም ደሞ ከሉፑ አልመጡም።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ፒኤችፒ ስለ ፋይል መረጃ ስትጠይቀው፣ መጠን በለው፣ የተቀየረበት ሰዓት በለው፣ አለ ወይስ የለም በለው፣ መልሱን ይይዘዋል፣ ስለዛው ፋይል ድጋሚ ስትጠይቀው ዲስክ ድረስ ሳይሄድ የያዘውን ይመልስልሃል። ዌብ ላይ አንድ ሪኩዌስት ወዲያው ስለሚያልቅ ማንም አያስተውለውም፣ ያንተ ስክሪፕት ግን ቀኑን ሙሉ ስለሚሮጥ ጠዋት የያዘውን መልስ ማታም ይደግምልሃል። በሉፑ መጀመሪያ ላይ ክሊርስታትካሽ የሚለውን ፈንክሽን ጥራ፣ አለቀ። እዚ ጋ አንድ የሚገርም ነገር ልንገርህ፣ ፒኤችፒ የሚይዘው መጨረሻ የጠየቅከውን ፋይል ብቻ ነው፣ ስለዚህ 10 ፋይል እየተፈራረቁ የሚታዩበት ሉፕ ላይ ይሄ ችግር ላይታይ ይችላል ምክንያቱም አንዱ ሌላውን እያስወጣው ስለሚሄድ፣ እንዳንተ አንድ ፋይል ላይ ችክ ያለ ሉፕ ላይ ግን ሁሌም ይታያል። ቴስት ስናረግ ይሰራ ነበር ሰርቨር ላይ ግን እምቢ አለ የሚሉ ሰዎች አንዳንዴ ምክንያታቸው ይቺ ናት። የሌለ ፋይል ላይ ደሞ መልሱን አይዝም፣ ፋይል ኤግዚስትስ የለም ካለህ ፋይሉ ሲመጣ ያየዋል፣ አንዴ አለ ካለህ በኋላ ግን ሌላ ፕሮሰስ ቢያጠፋውም አለ ማለቱን ሊቀጥል ይችላል።

እግረ መንገዴን፣ ሰዓቱን ስታወዳድር ከበፊቱ ይበልጣል ወይ እያልክ ከሆነ ቀይረው፣ ከበፊቱ ይለያል ወይ በል። ከዚፕ የወጣ፣ በአርሲንክ (የፋይል መገልበጫ ቱል) የመጣ ወይ ከባክአፕ የተመለሰ ፋይል የድሮ ቀኑን ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ ዛሬ ገብቶ ቀኑ ግን የባለፈው ወር ይሆናል፣ ይበልጣል ወይ የሚል ኮድ ዝም ብሎ ያልፈዋል። መጠኑንም አብረህ እይ።

ወደ ግማሹ ፋይል ስንመጣ ጉዳዩ ከበድ ይላል፣ አይኖቲፋይም የማያድንህ እዚ ጋ ነው። ኤፍቲፒ ፋይሉን እየቆራረሰ ነው የሚጽፈው፣ የመጀመሪያው ቁራሽ ዲስክ ላይ እንዳረፈ ሰዓቱ ይቀየራል፣ ያንተ ስክሪፕት ደሞ ተቀየረ ብሎ ይከፍተዋል፣ ያኔ እዛ ያለው 300 መስመር ነው። ዳታቤዝህን ብታየው መጨረሻ የገባው መስመር ራሱ መሀሉ ላይ የተቆረጠ ሊሆን ይችላል፣ 4500 የነበረው ቁጥር 45 ሆኖ የገባበት ማለቴ ነው፣ ከጎደሉት 700 መስመሮች ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው ምክንያቱም ማንም ስህተት ነው አይለውም።

እሺ አይኖቲፋይ ኢን ክሎዝ ራይት የሚባል ኢቨንት (ማሳወቂያ) አለው፣ ለመጻፍ የተከፈተ ፋይል ሲዘጋ ይነግርሃል። ግን መዘጋት ማለት ማለቅ ማለት አይደለም። ኔትወርኩ መሀል ላይ ቢቋረጥ የኤፍቲፒ ሰርቨሩም ግማሹን ፋይል ይዘጋዋል፣ ኢቨንቱም ይመጣል፣ አንተም ግማሹን ታነባለህ። ኢቨንቱ አልዋሸህም፣ የጠየቅከውን ነው የነገረህ።

ትክክለኛው መፍትሄ ያለው ላኪው ጋ ነው። ፋይሉን በጊዜያዊ ስም ይላኩት፣ ለምሳሌ መጨረሻው ፓርት በሚል፣ ሲጨርሱ በኤፍቲፒው ራሱ ሪኔም አርገው ትክክለኛውን ስም ይስጡት። እዛው ዲስክ ላይ ሪኔም የሚደረግ ነገር ግማሽ የለውም፣ ወይ ሙሉው አለ ወይ የለም። ያንተ ስክሪፕት ፓርት የሚለውን ጨርሶ አያየውም። ስሙንም በየጊዜው የተለያየ ያድርጉት እባክህ፣ አሁን ባላችሁበት አካሄድ በ5 ሰከንድ ውስጥ ሁለት ጊዜ ቢልኩ የመጀመሪያው ጠፋ ማለት ነው፣ መጥፋቱንም አታውቅም። ላኪዎቹ እምቢ ካሉ (እምቢ ይላሉ፣ ሌላ ድርጅት ሲሆን ሁሌም ሲስተማችን አይነካም ነው መልሱ) ያለህ አማራጭ መጠኑም ሰዓቱም በተከታታይ ሁለት ሶስት ዙር ሳይለወጥ ሲቆይ ብቻ ማንበብ ነው። ይሄ ግምት ነው፣ ኔትወርኩ ለአንድ ደቂቃ ቀጥ ካለ ይሸወዳል፣ ስለዚህ ፋይሉ መጨረሻ ላይ ጠቅላላ የመስመር ብዛት የሚል መስመር እንዲኖረው ለምናቸው፣ እሱን እንኳን እሺ ካሉ ቁጥሩ ካልገጠመ ምንም አታስገባም።

ፋይሉ ሙሉ መሆኑን ካረጋገጥክ በኋላ ደሞ እዛው ላይ አታንብበው፣ መጀመሪያ ሪኔም አርገህ ወደ ሌላ ፎልደር ውሰደው፣ ከዛ አንብበው። ነገ ሁለት ስክሪፕት አንድ ላይ ቢሮጡ ሪኔሙ የሚሳካው ለአንዱ ብቻ ነው፣ አንድ ፋይል ሁለቴ አይገባም።

አይኖቲፋይ ልግባበት ወይ ላልከው፣ አያስፈልግህም። አንድ ፎልደርን በየ5 ሰከንዱ ማየት ለሰርቨሩ ምንም አይደለም። አይኖቲፋይም ብትጠቀም ስክሪፕቱ ሞቶ በነበረበት ሰዓት የመጣውን ፋይል ማንም አይነግርህም፣ ሲነሳ ፎልደሩን ከላይ እስከ ታች ማየት አለብህ፣ ስለዚህ የማየቱ ኮድ የግድ ሊኖርህ ነው። እኔ ሁሌ የምለው መጀመሪያ እሱን በደንብ ጻፈው ነው፣ ካስፈለገ በኋላ ፍጥነት ትጨምርበታለህ።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ እኔ ደሞ በተቃራኒው አይኖቲፋይ ውስጥ ገብቼ መውጫ ያጣሁ ሰው ነኝ። ኮድ ሲቀየር ወርከሮቹን (ከጀርባ ስራ የሚሰሩትን ፕሮሰሶች) ሪስታርት የሚያረግ ቱል በፒኤችፒ እየሰራሁ ነው፣ ከፒክል (የፒኤችፒ ኤክስቴንሽኖች ማከማቻ) የአይኖቲፋይ ኤክስቴንሽኑን ጭኜ። የኮንፊግ ፋይላችንን አንዴ ሴቭ ሳረገው ኢቨንቱ ይመጣል፣ ሁለተኛ ሴቭ ሳረግ ጸጥ። ሙሉ ፕሮጀክቱን ላስጠብቀው ስል ደሞ የዎች (የጥበቃ) ገደብ ሞልቷል ይለኛል። ጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ባለው ዶከር (አፕሊኬሽን ለብቻው ተነጥሎ የሚሮጥበት ሲስተም) ውስጥ ጭራሽ ምንም ኢቨንት የለም። አበድኩ በቃ።

መልስ፦ አታብጂ እህቴ፣ ሶስቱም የታወቁ ናቸው።

ኮንፊግ ፋይሉ ላይ የሆነው እንዲህ ነው። አንቺ ሴቭ ስትይ ብዙ ኤዲተሮች የነበረው ፋይል ላይ አይጽፉም፣ አዲስ ፋይል ጽፈው በድሮው ስም ሪኔም ያረጉታል። አይኖቲፋይ የሚይዘው ደሞ ስሙን ሳይሆን አይኖዱን፣ ማለትም ዲስክ ላይ ያለውን ፋይል ራሱን ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሴቭ በኋላ አንቺ የምትጠብቂው የተሰረዘ ፋይል ነው፣ አዲሱን ማንም አያየውም። የመጣልሽን ኢቨንት በደንብ ብታይው ኢን ኢግኖርድ የሚልም አለበት፣ ዎቹ ተሰረዘ ማለት ነው። መፍትሄው ፋይሉን መተውና ያለበትን ፎልደር መጠበቅ ነው፣ ኢን ክሎዝ ራይት እና ኢን ሙቭድ ቱ የሚሉትን ሁለቱን ያዢ፣ ከዛ ኢቨንቱ ይዞት የሚመጣውን ስም አይተሽ ያንቺ ፋይል ከሆነ ስራሽን ስሪ።

ገደቡን በተመለከተ፣ አይኖቲፋይ በሰጠሽው ፎልደር ውስጥ ያሉ ፎልደሮችን በራሱ አይከተልም፣ ለእያንዳንዱ ሰብ ፎልደር አንድ ዎች መጨመር አለብሽ። የቆዩ የሊኑክስ ከርነሎች (የሲስተሙ እምብርት) ላይ ለአንድ ዩዘር የሚፈቀደው በዲፎልት 8192 ነበር፣ ከከርነል 5.11 ወዲህ እንደ ማሽኑ ሚሞሪ ነው የሚወሰነው። ቁጥሩ ማክስ ዩዘር ዎችስ በሚለው ሴቲንግ ይቀየራል፣ ግን ከመጨመርሽ በፊት ምን እያስጠበቅሽ እንደሆነ እይ። ቬንደር ፎልደሩንና ኖድ ሞጁልስን (ሌሎች የጻፏቸው ላይብረሪዎች ያሉባቸውን)፣ ካሽና ሎግን ካወጣሽ የሚቀርሽ ያንቺ ኮድ ነው፣ እሱ ደሞ ገደቡን አይሞላም። በተለይ ካሹንና ሎጉን ካላወጣሻቸው ቱልሽ ወርከር ሪስታርት ያረጋል፣ ወርከሩ ሲነሳ ሎግ ይጽፋል፣ ሎጉ ተቀየረ ብሎ ድጋሚ ሪስታርት ያረጋል፣ ቀኑን ሙሉ እሱን ሲያረግ ይውላል።

አዲስ ፎልደር ሲፈጠር የምትጨምሪው ዎች ላይም ተጠንቀቂ፣ ፎልደር ተፈጠረ የሚለው ኢቨንት ደርሶሽ ዎች እስክታክይ ድረስ ውስጡ ፋይሎች ገብተው ሊያልቁ ይችላሉ፣ ስለዚህ ዎቹን ካከልሽ በኋላ ፎልደሩን አንዴ ራስሽ እይው። ጊት (የኮድ ለውጥ መያዣው) ላይ ብራንች ስትቀይሪ ደሞ ኢቨንቱ እንደ ጎርፍ ነው የሚመጣው፣ ወረፋው በዲፎልት 16384 ኢቨንት ነው የሚይዘው፣ ሲሞላ ኢን ኪው ኦቨርፍሎው ይልክልሽና የቀረውን ይጥለዋል። እሱን ካየሽ ሁሉንም እንደ አዲስ ከማየት ውጪ አማራጭ የለም። ለሪስታርቱም መጀመሪያ ኢቨንት ላይ አትሩጪ፣ ሩብ ሰከንድ ያህል ጸጥ እስኪል ጠብቂና አንዴ አርጊው።

ዶከሩ ጋ፣ የጓደኛሽ ላፕቶፕ ማክ ወይ ዊንዶውስ ነው ብዬ ልገምት። ዶከር እዛ ላይ የሚሮጠው ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ባለ ሊኑክስ ነው፣ ፋይሉ የሚቀየረው ደሞ ውጪ ነው፣ ለውጡን የዛ ሊኑክስ ከርነል ካልነካው ኢቨንት ላይመጣ ይችላል። ኤንኤፍኤስ (በኔትወርክ የሚጋሩት ፎልደር) ላይም እንደዛው፣ ሌላ ማሽን የቀየረውን ያንቺ ከርነል አያውቅም። እንዲህ አይነት ቦታ ላይ ያለው መንገድ በየሰከንዱ ሄዶ ማየት ብቻ ነው፣ ቱልሽ ላይ ይቺን አማራጭ ጨምሪላት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ፕሮግራመር አይደለሁም፣ የመስሪያ ቤታችን ድረገጽ በፒኤችፒ የተሰራ ስለሆነ ኃላፊነቱ እኔ ላይ ነው። ከወር በፊት ተጠልፎ ነበር፣ ስዕል የሚጫንበት ፎልደር ውስጥ የማናውቀው የፒኤችፒ ፋይል ተገኘ። ባለሙያው አጽድቶልን ሄደ። አሁን ፋይል ሲቀየር ወዲያው በኢሜል የሚነግረኝ ነገር ማሰራት እፈልጋለሁ። አንድ ልጅ በየቀኑ ቀናቸውን አይቼ አዲስ የሆኑትን እልክልዎታለሁ ብሎኛል፣ ይበቃል ወይ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ አይበቃም። ልጁ የሚያየው ቀን ማንም ሊቀይረው የሚችል ነገር ነው፣ ፒኤችፒ ራሱ ተች የሚባል ፈንክሽን አለው፣ ሰርጎ የገባ ሰው ፋይሉን ካስቀመጠ በኋላ ቀኑን እንደ ጎረቤቶቹ ፋይሎች የ2 ዓመት በፊት ያረገዋል። ሊኑክስ ላይ ሲታይም የሚባል ሌላ ሰዓት አለ፣ እሱን በተች መቀየር አይቻልም፣ እንደውም ቀኑን ለመቀየር ሲነካካው ሲታይሙ አሁን ወደሚለው ይመጣል፣ ስለዚህ ቀኑ አሮጌ ሆኖ ሲታይሙ የትናንት የሆነ ፋይል ቢያንስ ከፍቶ ማየት ይገባል። ግን እሱም ማስረጃ ሳይሆን ጥርጣሬ ነው፣ ፐርሚሽን ሲቀየር ወይ ከባክአፕ ሲመለስም ይለወጣልና። በፎልደሩ ቀን ደሞ ጭራሽ አይተማመኑ፣ የፎልደር ቀን የሚለወጠው ውስጡ ፋይል ሲጨመር፣ ሲጠፋ ወይ ስሙ ሲቀየር ነው፣ የነበረ ፋይል ውስጡ ላይ ቢጻፍበት ፎልደሩ ምንም አያሳይም።

ለልጁ እንዲህ ይበሉት። ድረገጹ ንጹህ መሆኑ በተረጋገጠበት ቀን የሁሉንም ፋይል መንገድና የይዘቱን ሃሽ (ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣ አሻራ)፣ በሃሽፋይል ፈንክሽን በሻ256 ስሌት አውጥቶ፣ አንድ መዝገብ ላይ ያስቀምጥ። ከዛ ክሮን (ስክሪፕት በሰዓቱ የሚያስነሳው ቱል) በየ10 ወይ 15 ደቂቃው ድጋሚ ያውጣና ከመዝገቡ ጋር ያመሳክር፣ መዝገቡ ላይ የሌለ ካለ ተጨምሯል፣ መዝገቡ ላይ ኖሮ አሁን የሌለ ጠፍቷል፣ ሁለቱም ጋ ኖሮ ሃሹ የተለያየ ተቀይሯል። አንድ ፊደል እንኳ ቢለወጥ ሃሹ ይለያል፣ ቀኑ ምንም ይበል። ካሽና ሎግ ፎልደሮችን ያስወጣቸው፣ አለበለዚያ በቀን 100 ኢሜል ይመጣልዎትና በሳምንቱ መክፈት ይተዋሉ። ሰዎች ስዕል የሚጭኑበትን ፎልደር ግን እንዳያስወጣ፣ እዛ ስዕል መጨመሩ የተለመደ ነው፣ ፒኤችፒ ፋይል መገኘቱ ግን ሁሌም ማንቂያ ነው። የተደበቁትንም ያካትት፣ ስማቸው በነጥብ የሚጀምሩትን ማለቴ ነው፣ በተለይ ኤችቲአክሰስን፣ የዌብ ሰርቨሩ ሴቲንግ የሚጻፍበትን ፋይል።

መዝገቡ የት ይቀመጣል የሚለው ከሁሉም በላይ ነው። እዛው ሰርቨር ላይ ድረገጹ ሊጽፍበት በሚችል ቦታ ከሆነ ሰርጎ የገባው ሰው መዝገቡንም ያስተካክለዋል። ሌላ ማሽን ላይ ይሁን፣ ማመሳከሩም እዛ ቢሆን ይመረጣል። ደሞ ኢሜል አለመምጣቱ ሰላም ነው ማለት አይደለም፣ ስክሪፕቱ ራሱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ምንም ባይኖርም በቀን አንዴ አለሁ፣ ይሄን ያህል ፋይል አይቻለሁ የሚል መልእክት ይላክ፣ ያ የቀረ ቀን ነው የሚደወለው። ሶፍትዌሩ በአዲስ ቨርዥን ሲተካም መዝገቡ በሰው እጅ ይታደስ፣ ልዩነት ባየ ቁጥር ራሱን የሚያድስ መዝገብ ጥቅም የለውም።

ይሄ ሁሉ ግን ሌባው ከገባ በኋላ የሚነግርዎት ነገር ነው። ከዛ በፊት ሰርቨሩ ላይ ስዕል በሚጫንበት ፎልደር ውስጥ ፒኤችፒ እንዳይሮጥ ያስደርጉ፣ የጥቂት መስመር ሴቲንግ ነው፣ ባለፈው ቢኖር ያ ፋይል ተቀምጦ ይቀር ነበር እንጂ አይሰራም ነበር። ማን ቀየረው ለሚለው ደሞ ሃሽም አይኖቲፋይም መልስ የላቸውም፣ ሰርቨሩ የራሳችሁ ከሆነ ኦዲትዲ የሚባለውን የሊኑክስ ቱል ያስጭኑ፣ የትኛው ዩዘርና የትኛው ፕሮሰስ እንደነካው ይመዘግባል።

ጥያቄ፦ አጭር ናት። ሰርቨር ላይ ፋይሉን ቀየርኩ፣ ከፍቼ ሳየው አዲሱ ኮድ ነው ያለው፣ ብራውዘር ላይ ግን የድሮው ነው የሚሮጠው። በኮማንድ ላይን ኦፒካሽ ሪሴት (ፒኤችፒ ሚሞሪ ላይ የያዘውን ኮድ የሚያስረሳውን ፈንክሽን) ጠራሁ፣ ወይ ፍንክች።

መልስ፦ ኦፒካሽ መሆኑን በትክክል ጠርጥረሃል፣ የነካኸው ግን ሌላ ነው። ከኮማንድ ላይን የሚሮጠው ፒኤችፒ የራሱ ሚሞሪ ነው ያለው፣ እዛ ብታጸዳ ኤፍፒኤም (ለብራውዘር የሚመልሰው ፒኤችፒ) የያዘው አይነካም። ኦፒካሽ በዲፎልቱ ፋይሉ ተቀይሮ እንደሆነ በየ2 ሰከንዱ ያያል፣ ያንተ ካላየ አብዛኛውን ጊዜ ቫሊዴት ታይምስታምፕስ የሚለው ሴቲንግ 0 ተደርጓል ማለት ነው፣ ሆን ተብሎ ለፍጥነት የሚደረግ ስለሆነ አትመልሰው፣ አዲስ ኮድ ባስገባህ ቁጥር ኤፍፒኤምን ሪሎድ አርገው። አዲሱን ቨርዥን በሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፎልደር በሚጠቁም አቋራጭ) እየቀያየርክ የምታስገባ ከሆነ ደሞ የሪልፓዝ ካሹም (ፒኤችፒ የፋይሉን ትክክለኛ መንገድ የሚይዝበት) በዲፎልት 120 ሰከንድ ስለሚቆይ አንዳንዱ ሪኩዌስት አዲሱን አንዳንዱ የድሮውን ሊያይ ይችላል፣ እሱም በዛው ሪሎድ ይሄዳል።